ያልተመዘገበ ሕፃን በጀት የለውም፦ ስለ ዜሮ ክፍል ማወቅ ያለብን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ ስንጨዋወት አንድ የሉማሜ አካባቢ ወንድማችን ከቤት የመጣለትን ጥያቄ አነሣልን። አባቱ በስልክ፣ «ትንሹ ወንድምህ 6 ዓመት ሊሞላው ነው። ትምህርት ቤቱ ዜሮ ክፍል አስመዝግቡት ይላል። ልጁ እንደሆነ ቁርኣን ቤት እየሄደ ነው፣ አሊፍ ባን ጨርሷል። ይኼ ዜሮ የሚሉት ምን ይጨምርለታል? ለከርሞ አንደኛ ክፍል ይገባ የለም ወይ?» ብለውታል። ግማሾቻችን የአባትየውን ሐሳብ ደገፍን፣ ግማሾቻችን ተቃወምን። ስንከራከር ግን ሁላችንም ስለ ዜሮ ክፍል የምናውቀው ጥቂት መሆኑን ተረዳን። ማን እንደሚከፍለው፣ ለማን ተብሎ እንደተቋቋመ፣ ገጠር ሲደርስ ለምን እንደሚዳከም በቅጡ የሚያስረዳ ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ ጠይቀንና አንብበን ያገኘነውን በዚህ ዕትም ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

በአገራችን ከሁሉም ክፍሎች ይልቅ ማቋረጥ የሚበዛው አንደኛ ክፍል ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች በተደረገው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ልጅ አንዲት ቃል ካላነበበ፣ ችግሩ የጀመረው ሁለተኛ ክፍል ሲገባ አይደለም። እርሳስ ይዞ የማያውቅ፣ ፊደል ያላየ፣ ከቤቱ ውጭ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ መምህሩ ለሌሎቹ ሲያስተምር እሱ ገና ቦታውን እየለመደ ነው።

ከተማ ያለው ልጅ ይህ ችግር ይቀልለታል። ወላጆቹ አቅም ካላቸው ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ እያለ ሦስት ዓመት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ቀን ቢጀምሩም መነሻቸው አንድ አይደለም። የቅድመ መደበኛ ትምህርት ድጎማ ዋና ዓላማም ይህን መነሻ ማቀራረብ ነው።

ዜሮ ክፍል ከየት መጣ?

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጸደ ሕፃናትን ቢጠቅስም፣ መንግሥት በአብዛኛው ሥርዓተ ትምህርት ማዘጋጀትን፣ ደረጃ ማውጣትንና መምህራን ማሠልጠንን ነበር የያዘው። ትምህርት ቤቱን መክፈት ለግል ባለሀብቶች፣ ለድርጅቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበረሰቡ ተተወ። የዚህ ውጤት ግልጽ ነበር። ከፋይ ባለበት ከተማ ኬጂ በዛ፣ ከፋይ በሌለበት ገጠር አልተከፈተም። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች የሚኖሩ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተወለዱ ልጆችን ሲከታተል፣ ከከተማዎቹ ልጆች 58 በመቶ የሚሆኑት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ሲያገኙ፣ ከገጠሮቹ ያገኙት ግን 4 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ ለገጠሩና ለድሃው ልጅ የታሰቡ ሦስት መንገዶች ተስፋፉ።

የመጀመሪያው ዜሮ ክፍል ወይም ኦ ክፍል የምንለው ነው። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ላሉ የ6 ዓመት ልጆች የሚሰጥ የአንድ ዓመት ዝግጅት ነው። ሁለተኛው ልጅ ለልጅ የሚባለው ሲሆን፣ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች በመምህር እየተመሩ የሰፈራቸውን ሕፃናት በጨዋታ ፊደልና ቁጥር ያስለምዳሉ። ሦስተኛው አንደኛ ክፍል ሊገቡ ለተቃረቡና ምንም ዕድል ላላገኙ ልጆች በክረምት ለሁለት ወር ገደማ የሚሰጥ የተፋጠነ ዝግጅት ነው።

በወረቀት ሲታይ ለውጡ ፈጣን ነበር። በ2003 ዓ.ም. 5 በመቶ አካባቢ የነበረው የቅድመ መደበኛ ጥቅል ተሳትፎ በ2006 ዓ.ም. ከሦስት ልጆች አንዱን ያህል ደረሰ። አብዛኛው ጭማሪ የመጣው አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ሳይሆን በነባር ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል በመከፈቱና ልጅ ለልጅም በመቆጠሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እርከን አድርጎታል። ስለዚህ ዜሮ ክፍል ወላጅ ሲፈልግ የሚወስደው ሲፈልግ የሚተወው ተጨማሪ ነገር ሳይሆን የትምህርት መሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆኗል።

ገንዘቡ እንዴት ይደርሳል?

የመንግሥት ገንዘብ ወደ አንድ የገጠር ክፍል የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የወረዳ በጀት ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች በቀመር ያከፋፍላል፣ ክልሉ ለወረዳ ይሰጣል፣ የወረዳ ምክር ቤት ደግሞ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና እያለ ይደለድላል። ለትምህርት የደረሰው ገንዘብ አብዛኛው የሚያልቀው በመምህራን ደመወዝ ነው።

ሁለተኛው የትምህርት ቤት ድጎማ ወይም ስኩል ግራንት የሚባለው ነው። ይህ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል የመጣ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. ፍትሐዊነትን ዓላማው አድርጎ በዓለም ባንክ የ300 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ በተጀመረው ምዕራፍ የቅድመ አንደኛ ጥራት አንዱ የትኩረት ነጥብ ነበር። ድጎማው ለመማሪያ ቁሳቁስና ለጥገና የሚውል ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ገንዘቡ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው።

ይህ ማለት ቤት የቀረ ልጅ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። በመዝገብ የሌለ ልጅ በትምህርት ቤቱ ሪፖርት የለም፣ በወረዳው ዕቅድ የለም፣ መምህር ይቀጠር ሲባል በሚቀርበው ቁጥር ውስጥም የለም። አንድ ቀበሌ ውስጥ 20 ልጆች ሳይመዘገቡ ቢቀሩ ትምህርት ቤቱ «ዜሮ ክፍል የሚፈልግ ብዙ ሰው የለም» የሚል ሪፖርት ነው የሚልከው። በቀጣዩ ዓመት ክፍሉ ይበልጥ ይዳከማል፣ ክፍሉ ሲዳከም ወላጅ ይበልጥ ይሸሻል።

ገጠር ሲደርስ ለምን ይሳሳል?

እውነቱን መደበቅ አይገባም። ብዙ ቦታ ዜሮ ክፍል ስሙ እንጂ አቅሙ የለም። አዲስ መምህር መቅጠር የወረዳውን የደመወዝ በጀት ስለሚነካ፣ ክፍሉን ብዙ ጊዜ የሚይዘው በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራ አመቻች ወይም ከሌላ ክፍል የተቀነሰ መምህር ነው። ሕፃናትን ማስተማር የራሱ ሙያ አለው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በዘርፉ ያሠለጥናሉ፣ የሠለጠነው ግን ሁሉ ገጠር አይደርስም። የ6 ዓመት ልጆች ለትልልቅ ተማሪዎች በተሠራ ዴስክ ላይ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይቀመጣሉ። መጫወቻ የለም። መምህሩ ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፎ «በሉ» ይላል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ሰዓቱ ያልቃል።

የቦታው አቀማመጥም አለ። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መኪና፣ ገበያና ቢሮ በአቅራቢያዋ አለ። ወረዳው ግን በስተደቡብ እስከ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከመንገዱ ርቆ በቆላው የሚኖር የ6 ዓመት ልጅ ትልልቆቹ የሚሄዱትን ርቀት መሄድ አይችልም። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል። ከቢቸናና ከሞጣ የመጡ ወንድሞችም በየወረዳቸው የሚያውቁት ልዩነት ይኸው ነው፤ ድጎማው ለከተማውም ለገጠሩም በአንድ ስም ቢሰጥም በሁለቱ ቦታ አንድ ነገር አይገዛም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ሁሉም ይጨነቃል። ዜሮ ክፍል ሊገባ የነበረውን ግን «ገና ልጅ ነው፣ ይደርሳል» ይሉታል። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ዕድሜው ለአንደኛ ክፍል ደርሶ፣ አንዳንዴም አልፎ፣ ዝግጅቱ ግን ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ቁርኣን ቤትስ አይበቃም?

ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። ዘመናዊ ኬጂ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት የኢትዮጵያ ሕፃናት የመጀመሪያ ትምህርት ቤቶች ቁርኣን ቤትና የቄስ ትምህርት ቤት ነበሩ። ቁርኣን ቤት ልጁን ብዙ ነገር ይሰጠዋል። ተቀምጦ ማዳመጥን፣ ድምፅን ለይቶ መስማትን፣ በቃል መያዝን፣ ለኡስታዝና ለታላቅ አደብን። እነዚህ ሁሉ ለትምህርት መሠረት ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ልዩነት ግን ልብ እንበል። የቄስ ትምህርት ቤት የሄደው የጎረቤታችን ልጅ የሚቆጥረው ፊደል ከአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ፊደል ጋር አንድ ነው። የእኛ ልጅ የያዘው አሊፍ ባ ነው። ሁለቱም እኩል ለፍተዋል፣ ሁለቱም ተምረዋል። መምህሩ «ሀ ሁ» ብሎ ሲጀምር ግን የአንዱ ልፋት ወዲያው ይታያል፣ የሌላው አይታይም። መምህሩ ሳያውቅ ልጃችንን «ያልተማረ» ብሎ ሊመድበው ይችላል። ልጁም ቁርኣን ቤት ጎበዝ የነበረው ክፍል ውስጥ ሰነፍ መሆኑ ግራ ያጋባዋል። ከመካከላችን ይህን በራሳችን ያየን አለን። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት በሆነበት እንደ ምሥራቅ ጎጃም ባለ አካባቢ ደግሞ ልጁ በክፍሉ ብቻውን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዜሮ ክፍል ለሙስሊሙ ልጅ ከሌላው ባላነሰ፣ ምናልባትም በበለጠ ያስፈልገዋል። ቁርኣን ቤት ያስለመደውን የማዳመጥና የመያዝ ችሎታ በፊደልና በቁጥር ላይ የሚያውልበት አንድ ዓመት ነው። ሁለቱ የሚጋጩት በሰዓት ብቻ ነው። ዜሮ ክፍል ብዙ ቦታ የግማሽ ቀን ነው። ኡስታዙ ሂፍዙን ከዐስር በኋላ ወይም በቅዳሜና እሑድ ቢያደርጉት ልጁ ከሁለቱም አይጎድልም።

«መንግሥት ለቁርኣን ቤቱ ለምን አይደጉምም?» የሚል ጥያቄም ተነሥቶ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን እንዳለበት ይደነግጋሉ። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት ይሰጣል። ዲናዊ ትምህርቱ የእኛ የራሳችን አማና ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጡ ማኅበራዊ አገልግሎቶችን በእኩልነት የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ መንግሥትም ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እያሳደገ መሄድ እንዳለበት ይናገራል። ዜሮ ክፍሉን ለልጃችን ስንጠይቅ መብት ነው የምንጠይቀው።

ከሞምባሳ የምንማረው

በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የመለሱ ሙስሊሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኬንያ ጠረፍ በሞምባሳ የነበሩ የሙስሊሙ መሪዎች ልጆቻቸው ጥሩ ትምህርት ቤት መግባት እያቃታቸው መሆኑ አሳሰባቸው። ከአጋ ኻን ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር የመድረሳ ቅድመ መደበኛ ፕሮግራም የሚባለውን ጀመሩ። ቢ ስዋፊያ ሰኢድ የተባሉ የአካባቢው መምህርት ግንባር ቀደም ሆነው መሩት። ልጆቹ ኢስላማዊ አደብና የስዋሂሊ ተረት እየሰሙ፣ ከአካባቢው በተገኘ ቁሳቁስ እየተጫወቱ ለአንደኛ ክፍል ይዘጋጁ ነበር። መምህራኑ በአብዛኛው የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ፣ ሥልጠና ተሰጥቷቸውም ክትትል ይደረግላቸው ነበር። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የመንደሩ ኮሚቴ ነው። ፕሮግራሙ በ1990 ወደ ዛንዚባር፣ በ1993 ወደ ዩጋንዳ ተሻግሮ ከ200 በላይ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶችን አፍርቷል። ሙስሊም ያልሆኑ ጎረቤቶችም ልጆቻቸውን ይልኩ ነበር። ዛንዚባር በ2006 የትምህርት ፖሊሲዋ ቅድመ አንደኛን የመሠረታዊ ትምህርት አካል አድርጋለች።

በደቡባዊ ሞዛምቢክ ገጠር የተደረገ ጥናትም ማኅበረሰብ አቀፍ ቅድመ መደበኛ ትምህርት የገቡ ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው በ24 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ትምህርት ቤቶቹ ቀላል ነበሩ። በሰፈሩ ሰው ጉልበት የተሠሩ፣ የሰፈሩ ሰው የሚያስተምርባቸው፣ ግን ሥልጠናና ክትትል ያልተቋረጠባቸው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ገጠር ያለ ክፍል ጥሩ ለመሆን የከተማ ኬጂ መምሰል አይጠበቅበትም። የሚያስፈልገው የሠለጠነ ሰው፣ የልጅ መጫወቻና የሚጠይቅ ወላጅ ነው።

ለነገሩ ይህ በዲናችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። በሲራ መጻሕፍት እንደሚተረከው፣ ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ መክፈል ያቃታቸውና መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን እንዲያስተምሩ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሰኑ። ቤዛው ለዚያች ድሃ ከተማ ትልቅ ገቢ ነበር። ያ ገቢ ተትቶ ልጆች እንዲማሩበት ተደረገ። የሕዝብ ሀብት ለሕፃናት ትምህርት ሲውል ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

እኛ ምን እናድርግ?

1. ለቤተሰብ እንደውል። በየቤታችን 5 ወይም 6 ዓመት የሞላው ወንድም፣ እህት ወይም የዘመድ ልጅ ካለ፣ በምዝገባ ወቅት ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስሙ መስፈሩን እናረጋግጥ። ክፍሉ ደካማ ነው ተብሎ ቢነገረን እንኳ ይመዝገብ። ክፍሉን የሚያጠናክረው አንዱ ነገር ቁጥሩ ነው።

2. ወላጆቻችን ስብሰባ እንዲገቡ እናበርታ። የትምህርት ቤት ድጎማ የሚውለው በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ መሠረት ነው፤ ወላጆችም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትና በቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በኩል ድምፅ አላቸው። የሚጠየቀው ቀላል ነው፦ ዘንድሮ ስንት ብር መጣ? ከዚያ ውስጥ ለዜሮ ክፍል ምን ተገዛ? በመልካም አነጋገር የተጠየቀ ጥያቄ ርእሰ መምህሩንም ወረዳው ፊት ያግዘዋል።

3. ከኡስታዞች ጋር ሰዓት እናስማማ። በመስጂዳችን ያሉ ኡስታዞች ወላጆችን ቢያሳስቡ ከእኛ ስልክ ይልቅ ይሰማሉ።

4. ክረምቱን እንጠቀምበት። ሰላም ባለበትና ትምህርት ቤቱ በሚፈቅድበት ቦታ፣ በክረምት በጎ ፈቃድ የሚሰጠውን የሕፃናት ዝግጅት ከርእሰ መምህሩ ወይም ከጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ጋር ተነጋግረን እናግዝ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት አካባቢ ደግሞ በቤታችን በረንዳ ላይ ለ5 እና ለ6 ልጆች ልጅ ለልጅ ማካሄድ ይቻላል። የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጅ ይምጣ፤ ጎረቤት ጎረቤት ነው።

5. ቁሳቁስ እንሥራ። ከካርቶን የተቆረጠ የፊደል ካርድ፣ ለመቁጠሪያ የተሰበሰበ ቆርኪ፣ ከጭቃ የተሠራ ቅርፅ ገንዘብ አይጠይቅም። የትምህርት ፋኩልቲ ተማሪዎቻችን በሚቀጥሉት ሳምንታት ካርዶቹን አብረን የምንሠራበትን ጊዜ ያሳውቋችኋል፣ ኢንሻአላህ።

የሉማሜው ወንድማችን በመጨረሻ ለአባቱ የሰጠው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባዬ፣ ቁርኣን ቤቱን አያቋርጥ፣ ዜሮ ክፍልም ይግባ። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ፊደል የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለእሱ ይህ አይድገመው።» አባትየውም በማግስቱ ልጃቸውን ይዘው ሄደው አስመዝግበውታል። የክፍሉ ቁጥር በአንድ ጨምሯል። ቀሪው የእያንዳንዳችን ስልክ ላይ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።